ጎታቿና የእትዬ የሕፃን አልጋ

ወሬው እንዲህ ነው። ጎታቿ፣ ያቺ የሕፃናት ልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች የባሏን እህት የሕፃን አልጋ በባዶ እጇ ሰባብራ በመስኮት ወረወረችው። ይህ አልበቃ ብሏት የሴትዮዋን የራሳቸውን አልጋ ከነፍራሹ ጎትታ ግቢ አወጣችና ከገዛ ቤታቸው አባረረቻቸው። ልጅቷ ስትወለድ ደግሞ፣ የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ታቅፋ ብትሰጣት፣ ከመሳሟ በፊት ሁለቱንም ጆሮዎቿን ይዛ አሥር እስክትቆጥር ጎተተቻቸውና «አልፋለች» አለች። አሁን ሕፃኗ የምትተኛው በልብስ ካርቶን ውስጥ ነው።

ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ባለው ሻይ ቤት ተቀምጦ ይህን የሰማ ሰው፣ ሻዩ ሳይበርድ በሦስት ዓይነት ይሰማዋል። በአንደኛው ወሬ አልጋው የእንጨት ነው፤ በሁለተኛው የብረት ነው፤ በሦስተኛው ሴትዮዋ አልጋው ላይ ተኝተው ነበር።

ጥርጣሬ የሚገባው ከመስኮቱ ጀምሮ ነው። የጎታቿ ክፍል መስኮት የደብተር ስፋት ናት፤ ድመት እንኳ ትንፋሿን ውጣ ነው የምታልፍባት። ደግሞም ጎታቿ በስምንተኛ ወሯ መሬት የወደቀ ማንኪያ ለማስነሳት ባሏን ከሥራ የምታስጠራ ሴት ነበረች። ከሁሉ በላይ ግን እትዬን፣ የባሏን እህት፣ ከቤታቸው ማባረር የሚችል ፍጡር ገና አልተፈጠረም። ቢፈጠርም እትዬ ወረፋ ያስይዙታል።

እስቲ ከሥራዋ እንጀምር፤ ስሟም የወጣው ከዚያ ነውና። በፋብሪካው መጨረሻ፣ ከመተኮሻው ክፍል ቀጥሎ፣ አንዲት ጠረጴዛ አለች። ጎታቿ እዚያ ተቀምጣ የሕፃን ልብስ ቁልፍ ትጎትታለች። ከእያንዳንዱ ጥቅል አምስት ልብስ ታወጣለች፣ ቁልፉን በመቆንጠጫ ትይዛለች፣ የመለኪያው ቀስት ቀዩ መስመር ላይ እስኪደርስ ትስባለች፣ ከዚያ አሥር ትቆጥራለች። ቁልፉ ከተነቀለ ትንሽዬ የብረት ኩባያ ውስጥ ትጥለዋለች። ኩባያዋ የሕፃን ጉሮሮ ስፋት ስላላት ሠራተኞቹ «ጉሮሮ» ይሏታል። እሷ ውስጥ የገባ ነገር ሕፃን ሊያንቅ ይችላልና ጥቅሉ በሙሉ ይመለሳል። ጎታቿም ቅጽ ትሞላለች። ቅጹ ሦስት ጥያቄ አለው፦ ምኑ ተነቀለ? ስንት ሴኮንድ ቆየ? ስፌት መኪናው ላይ የነበረው ማን ነው?

ስምንት ዓመት እንዲህ ስትጎትት እጇ ከራሷ ተለይቶ ለብቻው ሥራ ጀምሯል። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ የቆመን ሰውዬ የኮት ቁልፍ ጎትታ ስትቆጥር፣ ስድስት ላይ ስትደርስ ሰውዬው ጎንበስ ብሎ «እህቴ፣ ሚስት አለችኝ» ብሏታል።

ባሏ ጎሚስታ ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የከባድ መኪና ጎማ ብቻውን ያነሳል፣ ከሾፌር ጋር ተጣልቶ ተሸንፎ አያውቅም። እህቱ ፊት ሲቆም ግን ሚስማር እንደወጋው ጎማ ነው፤ ሲተነፍስ ይሰማል። ባልና ሚስት የሚኖሩት በእትዬ ግቢ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ኪራይ አይከፍሉም። ኪራይ የማይከፍል ሰው ደግሞ የሚከፍለው በሌላ ነው፤ «እሺ እትዬ» በማለት።

እትዬ ፖስታ ቤት ነው የሚሠሩት። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ከትንሽ መስኮት ጀርባ ስለተቀመጡ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ነው የሚያናግራቸው። ይህ ነገር ለምዶባቸው ከመስኮቱ ውጪም ቀጥ ብሎ የሚያናግራቸው ሰው የታመመ ይመስላቸዋል። ልጆቻቸው አድገው ሥራ ይዘው ሄደዋል። አራት ክፍል ያለው ቤት ውስጥ የሚኖሩት እሳቸውና ሬዲዮናቸው ናቸው።

ጎታቿ በስድስተኛ ወሯ ላይ እትዬ አንድ የሕፃን አልጋ ከጣሪያ ሥር አስወርደው፣ አቧራውን አራግፈው፣ በወንድማቸው ጀርባ አሸክመው ገቡ።

«ይኸውልሽ!» አሉ። «ሦስት ልጅ ያሳደገ አልጋ ነው። ባልሽን፣ ሁለቱን ልጆቼን። ገንዘባችሁን ለዳይፐር አስቀምጡ።»

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» አለች ጎታቿ። ሌላ ምን ትላለች?

እጇ ግን ሥራውን ጀምሯል። የአልጋውን እግር ይዛ ሳበች፤ ንቅንቅ የለም። ዝሆን ቢተኛበት አይሰበርም። ከዚያ እጇ ወደ ፍርግርጉ ሄደና በሁለት ቋሚዎች መካከል እስከ ክርኗ ገባ። አውጥታ እንደገና አስገባችው።

በማግስቱ ለክትትል ጤና ጣቢያ ስትሄድ ሲስተሯን ጠየቀቻት። ሲስተሯ በቀን ስልሳ ነፍሰ ጡር የምታይ፣ ለሰላምታ እንኳ ጊዜ የሌላት ሴት ናት።

«ጋሪ ግድ ነው ሲስተር? ጡጦ ማሞቂያስ?»

«ከምኔው ሱቅ ከፈትሽ?» አለች ሲስተሯ፣ የደም ግፊቷን እየለካች። «ስሚኝ። ልጅ የሚያስፈልገው ጡትሽ፣ ልብስ፣ ሽንት ጨርቅ፣ መታጠቢያ፣ ለብቻው ጠፍጣፋ የሆነ መኝታ ነው። ልብሱ የሰው ልጅ የለበሰው ቢሆን ምንም አይደል፤ ታጥቦ ይለበሳል። ገንዘብ ካለሽ መኝታው ላይ አውጪ። ፍራሹ ጠጠር ይበል፤ በፍራሹና በአልጋው መካከል ሁለት ጣት ከገባ አትግዢ። ትራስ የለ፣ ዙሪያውን ጥጥ የለ፣ አሻንጉሊት የለ።»

«ፍርግርጉስ?»

«የለስላሳ ቆርቆሮ ያዢ። ካለፈ የልጁም ገላ ያልፋል። ገላው አልፎ ጭንቅላቱ ይቀራል። ቀጣይ!»

ቤት ስትደርስ ባሏ የጠጣበትን ቆርቆሮ አንስታ ሞከረች። አለፈ። ማለፍ ብቻም አይደል፤ ሌላ ቆርቆሮ ከወዲያ ቢመጣ ሰላምታ ተለዋውጠው የሚተላለፉበት ስፋት ነበር።

«ይኸውልህ» አለችው። «ለእህትህ ንገራቸው።»

«እኔ?»

«አይ፣ ጎረቤቱ። አንተ ነህ እንጂ!»

ጎሚስታው አልጋውን አየ፣ በሩን አየ፣ ጣሪያውን አየ። «አንቺ ሴት፣ ቤቱ የሷ ነው። እኔንም እኮ ያሳደገኝ ይሄው አልጋ ነው። ምን ሆንኩ?»

ጎታቿ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማምለጫ መፈለግ ሆነ ሥራዋ። መጀመሪያ «እትዬ፣ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አልጋው አላስቆመንም» አለች። እትዬ ሜትር ይዘው መጡ፣ ለኩ፣ ቁም ሣጥኑን አስወጥተው በረንዳ ላይ አስቀመጡት። ባልና ሚስቱ ልብሳቸውን ከውጪ እየለበሱ ከረሙ። ቀጥላ «ቀለሙ አርጅቷል እትዬ፤ ልጅ ሲልሰው ይጎዳል» አለች። እትዬ አመሰገኗት፣ አሳፋቁት፣ አረንጓዴ ቀለም አስቀቡት። በመጨረሻም «ሕልም አየሁ» አለች፤ ሰው መውጫ ሲያጣ የማይለው የለም። እትዬ ሕልሙን አስነገሯትና «ጥሩ ነው፤ አረንጓዴ ልምላሜ ነው» ብለው ፈቱላት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ስጦታው ይጎርፋል። የፋብሪካው ሴቶች አዋጥተው ለአሥር ሕፃን የሚበቃ ትራስ ሰጧት። አንዷ የልብ ቅርጽ ያለው፣ አንዷ የጥንቸል ጆሮ ያለው ትራስ አመጣች፤ የፈረቃ ኃላፊዋ ደግሞ አንድ የማይታወቅ ፕላስቲክ አመጡላት፣ መጥበሻም ወንበርም ይመስላል። «ምንድን ነው?» ብላ ብትጠይቅ «ለልጅ ነው» ተባለች። ከልብሶቹ በቀር የሲስተሯን ወሬ የሰማ ነገር በዚያ ክምር ውስጥ አልነበረም። ክምሩ ከወለል ተነስቶ መስኮቷን ደፈነ። በሩ ግማሽ ብቻ ይከፈት ጀመር፤ ሆዷ ሲገፋ ደግሞ ግማሹም አላስገባ አላት፤ በጎን እንደ ሸርጣን ትገባለች።

እትዬ ከሥራ ሲመለሱ በየቀኑ ይመጣሉ። አልጋውን ነቅነቅ አድርገው «ይኸው፣ ተራራ ነው!» ይላሉና ይሄዳሉ። ጎታቿ የራሷ አልጋ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ጉልበቷ ፍርግርጉን ይነካል፣ ጀርባዋ ግድግዳውን፣ ትከሻዋ የትራሱን ክምር። በአረንጓዴው ፍርግርግ መካከል ወዲያ ማዶ ያለውን በር እያየች፣ ውስጥ ያለው ማን እንደሆነ፣ ውጪ ያለውም ማን እንደሆነ ግራ ይገባታል። ለመኝታ ብለው ያስቀመጧት ገንዘብ ፍራሽ ሥር አለች። እንዳትገዛ እትዬ አሉ። እንዳትተወው ልጅቷ ከውስጥ ትረግጣታለች።

አንድ እሑድ የባሏ አክስት መጡ። አክስት የሚስቁት በመላ ገላቸው ነው፤ የሚቀመጡበትም ወንበር አብሮ ይስቃል። ባለ ጎማ የሕፃን መራመጃ ይዘው ነበር፤ ማስቀመጫ ጠፍቶ ጎሚስታው ጭኑ ላይ ታቀፈው። እትዬ ሻይ ይዘው ገቡ። አራት ሰው በዚያች ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ለመጠጣት፣ አንዱ ሲጎነጭ ሌላው ክርኑን መሰብሰብ ነበረበት።

«ውይ!» አሉ አክስት አልጋውን ሲያዩ። «ይሄ ነገር አሁንም አለ? ይቺ አይደለችም እንዴ ያቺ የተቀየረችዋ እንጨት? ንገሪያት እንጂ ለልጅቷ!»

«ተዪው እባክሽ አክስቴ» አሉ እትዬ።

«አልተውም! ስሚ አንቺ፤ ይሄ ባልሽ ገና የስድስት ወር ልጅ ሆኖ፣ በዚህ መሀል ሾልኮ ሊጠፋ! እግሩ ወጣ፣ ቂጡ ወጣ፣ ሆዱ ወጣ፣ ጭንቅላቱ እምቢ አለ! ተንጠልጥሎ ቀረልሽ! አናጢው መጋዝ ይዞ እየሮጠ መጥቶ ነው እንጨቷን የቆረጣት። ፊቱ እኮ ቀይ ሥር መስሎ ነበር!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ትራሶቹ ከክምሩ እየተንሸራተቱ ወረዱ። ጎሚስታው ራሱ ዓይኑ እስኪያነባ ሳቀ፤ ይህን ወሬ ሠላሳ ዓመት ሲስቅበት ኖሯል። «ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው አንገቴ የረዘመው!» አለ። እትዬም ሳቁ፤ ከሁሉም በላይ ጮኸው ሳቁ።

ጎታቿ አልሳቀችም። ክፋት አልነበረባትም፤ ይህን ማንም ይወቅላት። ስምንት ዓመት የጎተተ እጅ ለብቻው እንደሚሠራ፣ አፍም እንደዚያው ነው።

«የተያዘው ምኑ ነው?» አለች።

«አንገቱ ነዋ!» አሉ አክስት፣ ገና ሳቃቸው ሳያልቅ።

«ስንት ደቂቃ ቆየ?»

«እኔ እንጃ… አናጢው እስኪመጣ…»

«ማን ነበር እሱ ጋ የነበረው?»

እንደዚህ ዓይነት ጥያቄ ፋብሪካ ውስጥ ሲጠየቅ የአንድ ሰው ስም ይጻፋል፤ ያ ሰው የቀን ደመወዙን ይቀጣል፣ ሥራው ይቀጥላል። እዚህ ግን ቅጽ አልነበረም። አክስት በአገጫቸው ወደ እትዬ ጠቆሙና በተሰበረ ድምፅ «እሷ ነበረች እንጂ» አሉ። «አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። በር ላይ ወጣ ብላ ከጓደኞቿ ጋር…» አልጨረሱትም።

የጎሚስታው እጅ ወደ አንገቱ ሄደ። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ።

እትዬ ብርጭቋቸውን የት እንደሚያስቀምጡ ፈለጉ። ቦታ የለም። ይዘውት ተነሱ። «ሻዩ በርዷል» አሉና በጎን ሾልከው ወጡ።

«ምን አደረግሽ አንቺ?» አለ ጎሚስታው፣ አክስት ከሄዱ በኋላ።

«ጠየቅኩ።»

«አሁን የት ልንገባ ነው?»

ሁለት ቀን ከዋናው ቤት ድምፅ አልተሰማም። ሬዲዮው ጠፋ። ጎሚስታው ጎማ ሊያስነፋ የመጣን ሰው ሁሉ «የሚከራይ ክፍል ታውቃለህ?» ሲል ዋለ። ጎታቿ ደግሞ ሥራ ላይ ሆና ሁለት ደህና ጥቅል መለሰች፤ አሥሩን ስትቆጥር ሰባት ላይ እየጠፋባት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እትዬ በሩ ላይ ቆመው «አውጣው» አሉ ወንድማቸውን። አልጋው ግቢ ወጣ። ከጎረቤት የተዋሱትን መጋዝ ይዘው ነበር። በፖስታ ቤት ጫማቸው አልጋውን ረግጠው መገዝገዝ ጀመሩ። ጎሚስታው «አምጪ እኔ ልቁረጠው» ቢል በዓይናቸው ብቻ መለሱት። የጎረቤቱ አጥር ላይ አራት ራሶች ተደርድረዋል።

ሦስት እንጨት ቆርጠው ላባቸውን ጠረጉ። «ልጆቼን አንድ ቀን አላስተኛሁበትም» አሉ፣ ማንንም ሳያዩ። «አጠገቤ ነው ያደጉት። እሱ ላይ ልብስ ነው ያጠፍኩበት።»

«ታዲያ ለኛ ለምን ሰጠሽን?» አለ ጎሚስታው።

እትዬ መጋዙን አዩት። «አንድ ልጅ በደህና ቢያድግበት ብዬ ነዋ።»

ቀሪውን ቆርጠው ጨረሱት።

በዚያው ሳምንት ሦስቱም የሕፃን ዕቃ ሱቅ ሄዱ። እትዬ ቦርሳቸው ውስጥ ባዶ ቆርቆሮ ይዘዋል። ሻጩ ገና «እንኳን ደኅና መጣችሁ» ሳይል ከመጀመሪያው አልጋ ጋር ተያያዙ።

«እሜቴ፣ ይሄኛው እኮ ሙዚቃ አለው!» አለ ሻጩ።

«ይዝፈን። ቆርቆሮው አለፈ። ቀጥል።»

«ይሄ መጋረጃ አለው፣ ዙሪያው ለስላሳ ጥጥ…»

«ልጅ ሊታፈን ነው?»

«ይሄ ይታጠፋል፣ ጋሪም ይሆናል፣ ሲያድግ ጠረጴዛ ይሆናል…»

ጎታቿ ማጠፊያውን ይዛ ሳበች። አራት ላይ ስትደርስ ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ። ሻጩ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ከሱቁ ጥግ፣ ከሁሉ ኋላ፣ አንድ አቧራ የጠጣ ተራ አልጋ ነበር፤ ቀለም የሌለው፣ ጎማ የሌለው፣ የማይዘፍን። ቆርቆሮው አላለፈም። ፍራሹን እትዬ በክርናቸው ተጫኑት፤ ጠጠር ያለ ነው። ጎሚስታው በጠርዙ ሁለት ጣቱን ሊያስገባ ሞከረ፣ አልገባም። እርግጥ የሱ ጣት የትም አይገባም፤ ስለዚህ ጎታቿ በራሷ ጣት ደገመችው። ዋጋውን ሲሰሙ ፍራሽ ሥር የነበረችው ገንዘብ ልክ በቃች። ለጋሪ አልተረፈም፣ ጡጦ ማሞቂያም አልታሰበም።

ቤት ሲደርሱ እትዬ ክምሩ ላይ ዘመቱ። መራመጃው ለአክስት ተመለሰ። ትራሶቹ ለጎሚስታው ሱቅ ወንበሮች ሆኑ፤ እስከ ዛሬ ከባድ መኪና ሾፌሮች የጥንቸል ጆሮ ላይ ተቀምጠው ጎማቸውን ይጠብቃሉ። የፈረቃ ኃላፊዋን ፕላስቲክ ምንነቱን የሚያውቅ ስላልተገኘ ዶሮ ውሃ ትጠጣበታለች። ቁም ሣጥኑ ገባ። በሩ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። ጎታቿ ክፍሏ መሀል ቆማ ሁለት እጇን ዘረጋች፤ ምንም አልነካችም። ሦስት ወር ያልተነፈሰችውን ትንፋሽ ተነፈሰች።

ይህ የሆነው ሐሙስ ነው። ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ስትከፍተው መጀመሪያ የገባው የአልጋ ራስጌ ነው። ቀጥሎ ፍራሽ፣ ከዚያ ሬዲዮ፣ በመጨረሻ እትዬ። የቀረው የአልጋው አካል ግቢ ተዘርግቷል፤ አጥሩ ላይ ደግሞ ያው አራት ራሶች።

«እትዬ፣ ምንድን ነው?» አለች ጎታቿ።

«አንድ ጊዜ በር ላይ ወጥቻለሁ» አሉ እትዬ። «ሁለተኛ አልወጣም። ልጅቷ እስክታድግ እዚሁ ነኝ። አንቺ አርፈሽ ተኚ።»

«አይቸገሩ እትዬ፣ እኛ እንጠብቃታለን።»

«ምን ችግር አለው የኔ እናት?»

ጎሚስታው ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ ያ ሁሉ ክፍል ባዶውን ከሚቀር፣ ለምን ሁላችንም ወደ ዋናው ቤት አንገባም?»

«እዚያ ደረጃ አለው» አሉ እትዬ። «ልጅ ይወድቃል።»

አልጋቸው በቁም ሣጥኑና በአዲሱ የሕፃን አልጋ መካከል ገባ። በሩ እንደገና ግማሽ መከፈት ጀመረ። ጎሚስታው መገላበጥ ሲፈልግ ሁለት ሴቶችን ማስፈቀድ አለበት። ልጅቷ ተወልዳ መጣች፣ ደህና ናት፣ በጀርባዋ ጠፍጣፋው ፍራሽ ላይ ተዘርግታ ትተኛለች። እትዬ የዓመት ፈቃዳቸውን ሁሉ አከታትለው ወስደው ከአጠገቧ አልተነሱም፤ ትንፋሿን ይቆጥራሉ። ካነጠሰች የጎታቿን እጅ ይዘው «ሰማሽ?» ይላሉ። ካላነጠሰች ደግሞ «ለምን ዝም አለች?» ይላሉ። ጎታቿ መታጠቢያ ቤት ገብታ ሁለት ደቂቃ ከቆየች በሩ ይንኳኳል።

የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ ሴት ሁሉ አልቅሳ በምትመለስበት ቀን ጎታቿ ግማሽ ሰዓት ቀድማ ነው ፋብሪካው በር ላይ የተገኘችው። ምሳ ሰዓት ላይ ሻይ ቤቱ ውስጥ አንዲት የስፌት ክፍል ሠራተኛ አጠገቧ ተጠግታ ተቀመጠች። ዙሪያዋን ያሉት ሁሉ ማኘክ አቆሙ።

«እናቴ ትሙት፣ እውነቱን ንገሪን» አለች። «አልጋውን በእጅሽ ሰባበርሽው ይላሉ። እህትዮዋንም ከነአልጋቸው አባረርሻቸው፤ ጎበዝ ነሽ። ካርቶኑስ እውነት ነው? የጆሮውስ?»

ጎታቿ ብርጭቋዋን አስቀመጠች።

«አልጋውን አልሰበርኩም፤ ራሳቸው ናቸው የቆረጡት። በመስኮት የወጣ ነገር የለም። ልጄ የምትተኛው አልጋ ላይ ነው፤ ካርቶን ቤቴ የለም፣ ቢኖርም ማስቀመጫ የለኝም። ጆሮዋን አልጎተትኩም። እትዬን ደግሞ» አለችና ወደ በሩ አየት አደረገች፣ «እትዬን አላባረርኩም። እቤቴ ናቸው። ከአልጋዬ ክንድ ተኩል ርቀት ላይ ናቸው።»